በሪዮሃ የወይን አገር ወደ ሳንቲያጎ በእግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ካሚኖ ዴ ሳንቲያጎን ለመሄድ የሚያስቡ ኢትዮጵያውያን፣ በተለይም አውሮፓ የሚኖሩት፣ ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሶቹ በመንገዱ አንድ ክፍል ላይ ያተኩራሉ፤ በሰሜን ስፔን በናቫራ ከምትገኘው ኤስቴያ ተነስቶ የላ ሪዮሃን የወይን እርሻ እያቋረጠ ግራኞን በሚደርሰው ላይ።

ሳንቲያጎ ማን ነው? መንገዱስ ምንድን ነው?

ሳንቲያጎ የዘብዴዎስ ልጅ፣ የወንጌላዊው ዮሐንስ ወንድም፣ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው ሐዋርያው ያዕቆብ ነው። እኛ ሚያዝያ 17 ቀን እናስበዋለን፤ ስፔኖች ደግሞ ሐምሌ 18 (ጁላይ 25) ያከብሩታል። በምዕራቡ ትውፊት አጽሙ ያረፈው በሰሜን ምዕራብ ስፔን፣ በሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ካቴድራል ነው። ሰው ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወደዚያ በእግሩ ሲጓዝ ኖሯል።

መንገዶቹ ብዙ ናቸው። ብዙ ሰው የሚሄድበት «የፈረንሳይ መንገድ» የሚባለው ሲሆን ከፈረንሳይዋ ከተማ ከሴን-ዣን-ፒዬ-ደ-ፖር ተነስቶ የፒሬኔስን ተራራ ተሻግሮ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለገና ላሊበላን፣ ለመስከረም 21 ግሸንን ለመሳለም ቀናት በእግሩ የሚጓዝ ሕዝብ ላለው አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ሙሉውን ካልሄድኩ ምን ዋጋ አለው? ለምንስ ይህን ክፍል ልምረጥ?

ሙሉው መንገድ አምስት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ሠራተኛ ሰው ያን ያህል ፈቃድ አያገኝም። ስፔኖች ራሳቸው በየዓመቱ አንድ አንድ ሳምንት እየሄዱ ነው የሚጨርሱት፤ የሚነቅፋቸውም የለም።

ይህን ክፍል የምመክረው በሰው እጅ የተሠራ ቅድስና እዚህ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዶሚንጎ የሚባል የቪሎሪያ እረኛ ለመመንኮስ ቫልቫኔራና ሳን ሚያን የሚባሉትን ሁለት ገዳማት ደጅ ጠንቶ ሳይቀበሉት ቀረ። ከዚያ በኋላ በኦሃ ወንዝ አጠገብ ጫካ ውስጥ ብቻውን ተቀመጠ። ተሳላሚዎች በጭቃውና በወንዙ ሙላት ሲቸገሩ ሲያይ ጫካውን መነጠረ፣ ድንጋይ አንጥፎ መንገድ አወጣ፣ ወንዙ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ለደከመውም ማረፊያ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1109 ሲያርፍ እዚያው ተቀበረ፤ በዙሪያው ያደገችው ከተማ ዛሬ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ትባላለች። ገዳም በሩን የዘጋበት ሰው ባወጣው መንገድ ነው የምንሄደው።

ወይኑም የእጅ ሥራ ነው። አሮጌዎቹ ግንዶች ሽቦ ላይ ሳይወጡ፣ ከጉልበት ብዙም ሳይበልጡ፣ በቀይ ሸክላ አፈር ላይ ለየብቻቸው ቆመው ያያሉ። ገበሬው በክረምቱ ብርድ እያንዳንዱን ጎንበስ ብሎ ይገርዛል። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ግን አይጣልም፤ ታስሮ ይደርቅና የበግ ጎድን ይጠበስበታል። ሽታውን በመንደሮቹ ሲያልፉ ያገኙታል። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 15ን በቃሉ የሚያውቅ ሰው፣ ስለ ግንዱና ስለ ገበሬው፣ ተቆርጦ ደርቆ ወደ እሳት ስለሚጣለው ቅርንጫፍ ሲሰማ የኖረውን፣ እዚህ በዓይኑ እያየ ይሄዳል።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ልሂድ? የትስ ልደር?

የተለመደው አከፋፈል እንዲህ ነው፦ ከኤስቴያ ሎስ አርኮስ 21 ኪሎ ሜትር፣ ከሎስ አርኮስ ሎግሮኞ 28፣ ከሎግሮኞ ናሄራ 29፣ ከናሄራ ሳንቶ ዶሚንጎ 21፣ ከዚያ ግራኞን 7። ድምሩ 106 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

እኔ ግን ሁለቱን ረጃጅም ቀኖች ለሁለት ቢከፍሏቸው እመርጣለሁ። ከሎስ አርኮስ ቪያና 18 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሆነ እዚያ አድረው በማግስቱ ጠዋት የኤብሮን ወንዝ በድንጋዩ ድልድይ ተሻግረው ሎግሮኞ ይገባሉ፤ ቀኑን ሙሉም ለከተማዋ ያደርጉታል። ከሎግሮኞም ናሄራ ድረስ ከመሮጥ 13 ኪሎ ሜትር ላይ ናቫሬቴ ማደር ይሻላል። የሸክላ ሠሪዎች ከተማ ናት። ከመግቢያዋ በፊት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለተሳላሚዎች የተሠራው የሳን ሁዋን ዴ አክሬ ሆስፒታል መሠረት አለ። የሆስፒታሉ በር ግን እዚያ የለም፤ ተነቅሎ ከከተማዋ መውጫ ባለው መካነ መቃብር ላይ ተተክሏል። በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ በስተግራዎ ያገኙታልና ቆም ብለው ቅርጾቹን ይዩ።

ስለ ውኃ ሁለት ቦታ ይጠንቀቁ። ከቪያማዮር ዴ ሞንሃርዲን እስከ ሎስ አርኮስ ባለው 12 ኪሎ ሜትር መንደር የለም። ከአሶፍራ እስከ ሲሩኤኛ ባለው 9 ኪሎ ሜትር ደግሞ ጥላ የለም። ከአሶፍራ በኋላ ወይኑም እየሳሳ ሄዶ ስንዴ ይተካዋል።

መቼ ልሂድ?

መስከረምና የጥቅምት መጀመሪያ። ወይን የሚቆረጥበት ጊዜ ነው፤ ትራክተሮቹ ዘለላ ጭነው ሲያልፉ መንገዱ በጭማቂ ይረጥባል፣ ከጓዳዎቹ የሚፈላው ጭማቂ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ሎግሮኞ የሳን ማቴዎን የወይን በዓል የምታከብረው መስከረም 11 (ሴፕቴምበር 21) አካባቢ ነው። በዚያ ሳምንት አልጋ ማግኘት ስለሚያስቸግር አስቀድመው ይያዙ፤ ጸጥታ የሚፈልጉ ከሆነ ሳምንቱን ያሳልፉት። የእኛ መስቀልም በዚሁ የመኸር ወቅት ስለሚውል ደመራውን በልብዎ ይዘው እየሄዱ ሊውሉ ይችላሉ።

ሚያዝያና ግንቦትም ጥሩ ናቸው፤ አገሩ ለምለም ነው፣ ዝናብ ግን አለ። ያ ቀይ ሸክላ አፈር ሲረጥብ ጫማ ላይ እየተደራረበ እግርን ያከብዳል። ሐምሌና ነሐሴ በጣም ይሞቃል። በብርዱ የአውሮፓ ክረምት ብዙ ማረፊያዎች ይዘጋሉ።

ከቧንቧ ወይን ጠጅ የሚቀዳበት ቦታ አለ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ከኤስቴያ ወጥተው 3 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ የኢራቼ ገዳም አጠገብ፣ የኢራቼ ወይን ጠማቂ ድርጅት ግድግዳ ላይ ሁለት ቧንቧዎች አሉ። አንዱ ውኃ፣ አንዱ ቀይ ወይን ጠጅ ይሰጣል፤ ለተሳላሚ በነጻ። እ.ኤ.አ. በ1991 የተሠራ ነው። ገዳሙ ራሱ በመካከለኛው ዘመን ለተሳላሚዎች ማረፊያ ነበረው፤ ቧንቧውም ያንኑ የመቀበል ልማድ ያስቀጠለ ነው።

ለቀኑ የተመደበው ካለቀ አለቀ። ስለዚህ ተሳላሚዎች በሚይዙት ዛጎል ወይም በኩባያ አንድ ሁለት ጉንጭ ቀምሰው፣ አመስግነው ይለፉ። የተለጠፈውም ማስታወቂያ ይህንኑ ይለምናል፦ እዚህ በልክ ጠጡ፣ ይዛችሁ መሄድ ከፈለጋችሁ ግን ግዙ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቶ የሚሄድ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ተሳላሚ ድርሻ ነው የሚወስደው።

ወይን ጠጅ አልጠጣም። እቸገራለሁ?

በፍጹም። በሪዮሃ ቡና ቤቶች ሁሉ «ሞስቶ» የሚባል የወይን ጭማቂ አለ፤ አልኮል የለውም፣ በወይን ብርጭቆ ይቀርባል፣ ሽማግሌውም ልጁም ይጠጣዋል። «ኡን ሞስቶ፣ ፖር ፋቮር» ማለት ይበቃል። ለተሳላሚ በሚቀርበው የእራት ዝርዝር ከምግቡ ጋር ወይን ይመጣል፤ በምትኩ ውኃ ቢጠይቁ ማንም ቅር አይለውም።

የሚጠጣ ሰውስ ምን ማወቅ አለበት?

ዋናው ዘር ቴምፕራኒዮ ይባላል። እንደ አክሱሚት ያለ ጣፋጭ ወይን ለለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ደረቅ ይሆንበታል፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ግን ይለወጣል። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ያለው የቁጥጥር ወረቀት ዕድሜውን ይናገራል። «ክሪያንሳ» ሁለት ዓመት የቆየ፣ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል ያሳለፈ ነው። «ሬሴርቫ» ሦስት ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» ደግሞ አምስት ዓመት የቆየ ነው። ለመንገደኛ ክሪያንሳ ከበቂ በላይ ነው።

ሎግሮኞ ሲገቡ ካሚኖው ራሱ የሚያልፍበት ሩዋቪዬሃ የሚባል ጠባብ መንገድ አለ። ከሥሩ ከድንጋይ የተሠሩ የድሮ የወይን ጓዳዎች አሉ፤ አንዱን፣ የሳን ግሬጎሪዮን ጓዳ፣ ወርዶ ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1635 የከተማዋ ሹም የጋሪ ንዝረት ከሥር ያለውን ወይን እንዳያበላሽ ብሎ በእነዚህ ጎዳናዎች ጋሪ እንዳያልፍ ከልክሎ ነበር።

አንድ ነገር በጥብቅ እመክራለሁ፦ ቀን በፀሐይ እየተጓዙ አይጠጡ፤ ማታ፣ እግርዎን ታጥበው፣ ከሰው ጋር ተቀምጠው ይሁን።

ከመንገዱ ዳር ወይን ቀጥፌ ብበላስ?

አይቅጠፉ። በመኸር ወቅት በዚህ መንገድ ብዙ ሺህ ሰው ያልፋል፤ ሁሉም አንድ አንድ ዘለላ ቢቀጥፍ የመንገድ ዳሩ ገበሬ የዓመት ልፋት ነው የሚጎድለው። የሚቆርጡ ሠራተኞች ካገኙ ሰላምታ ይስጡ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ ራሳቸው ዘለላ ይዘረጉልዎታል። ያን ጊዜ ይቀበሉ።

የት ነው የሚታደረው?

«አልቤርጌ» በሚባሉ የተሳላሚ ማረፊያዎች። መኝታው ተደራራቢ አልጋ ነው፣ ክፍሉ የጋራ ነው፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፣ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ይወጣል። በመዘጋጃ ቤት የሚተዳደሩት ርካሽ ናቸው። ለመግባት «ክሬዴንሲያል» የሚባለውን የተሳላሚ ደብተር ማሳየት ግድ ነው፤ በየደረሱበት ማህተም ይመታበታል።

ከሁሉ የምወደው የግራኞኑ ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ውስጥ፣ በጠመዝማዛ የድንጋይ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ነው። አልጋ የለውም፤ ምንጣፍ መሰል ፍራሽ ወለል ላይ ይነጠፋል። የተወሰነ ክፍያም የለም፤ የቻሉትን ሳጥን ውስጥ ይጥላሉ። እራቱን ተሳላሚው ራሱ ከበጎ ፈቃደኞቹ ጋር ሽንኩርት እየከተፈ፣ ሳህን እየደረደረ ያዘጋጃል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ማዕድ ይቀርባል። ከበሉ በኋላ ጸሎት አለ። ማኅበር ወይም ጽዋ ያደገበት ሰው እዚያ ማዕድ ላይ ባዕድነት አይሰማውም። የቻሉ ሰዎች በዛ አድርገው ይስጡ፤ የነገው ሰው እራት የሚገዛው ዛሬ በተጣለው ገንዘብ ነው።

ጾም ላይ ነኝ፤ ምን እበላለሁ?

ይቻላል፤ ግን ጥያቄን አጥብቆ መጠየቅ ይፈልጋል። የሪዮሃ ድንች ወጥ ሲያዩት የጾም ይመስላል፤ ውስጡ ቾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ አለ። «ካፓሮኔስ» የሚባለው ቀይ ባቄላም እንዲሁ። «ሜኔስትራ» የሚባለው የአትክልት ወጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል፤ ሰላጣው ላይ ቱናና እንቁላል ይመጣል።

«ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ለብዙ አስተናጋጅ ሃሞን፣ ያ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ «ሥጋ» ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ዘርዝረው ይንገሩ፦ «ሲን ካርኔ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ሁዌቮ፣ ሲን ሌቼ፣ ሲን ኬሶ»፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ ሃሞን፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ አይብ። በሎግሮኞ ላውሬል ጎዳና ላይ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት የሚጠበሰው እንጉዳይ ስሙ የወጣ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ሽሪምፕ ስለሚሰካበት «ሲን ጋምባ» ይበሉ።

ከሁሉ የሚቀለው ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ይዞ ራስ ማብሰል ነው። ምስር፣ ሽንብራ፣ የናቫራ ቀይ ቃሪያና ነጭ አስፓራገስ በየሱቁ አለ። በርበሬ ወይም ሽሮ በትንሽ ላስቲክ ይዘው ከሄዱ ማታ ሙሉው ክፍል ይሰበሰብልዎታል። ሱቆች ግን ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ዝግ ናቸው፤ እሑድ ጭራሽ ላይከፈቱ ይችላሉ።

ኦርቶዶክስ ነኝ፤ እዚያ ባሉት ቤተ ክርስቲያኖች ውስጥ እንዴት ልሁን?

ገብተው ይጸልዩ፣ ሻማ ያብሩ። ማታ ከቅዳሴ በኋላ በብዙ ቦታ ለተሳላሚዎች ቡራኬ ይሰጣል፤ ከየት እንደመጡ ይጠይቃሉ። ቁርባን ግን የእኛና የእነሱ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ስለሌላቸው አይቀበሉም፤ በጸሎቱ ቆመው ማሳለፍ ይችላሉ። ጥርጣሬ ካለዎት ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ። ጫማ ማውለቅ በእነሱ ዘንድ ልማድ ስላልሆነ ማውለቅ የለብዎትም።

ካቴድራል ውስጥ ዶሮ አለ ሲባል ሰማሁ። ምንድን ነው ነገሩ?

ሳንቶ ዶሚንጎ ውስጥ ነው። በቅዱሱ መቃብር ትይዩ፣ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ የተቀረጸ ቆጥ አለ፤ ውስጡ ነጭ አውራና ነጭ ሴት ዶሮ በሕይወት ይኖራሉ። በየጊዜውም ይለዋወጣሉ።

ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። ከጀርመን አገር አባት፣ እናትና ጎረምሳ ልጃቸው ለመሳለም ሲሄዱ እዚህ አደሩ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ወጣቱን ወደደችው፤ እሱ እምቢ ቢላት የብር ዋንጫ ቦርሳው ውስጥ ሸሽጋ ሌባ ነው ብላ ከሰሰችው። ተፈርዶበት ተሰቀለ። ወላጆቹ እያለቀሱ ሳንቲያጎ ደርሰው ሲመለሱ ልጃቸው እዚያው እንጨት ላይ በሕይወት አለ፤ ቅዱሱ እግሩን ደግፎ ይዞታል። ወደ ዳኛው ሮጡ። ዳኛው የተጠበሰ ዶሮ ሊበላ ተቀምጦ ነበርና «ልጃችሁ ሕያው ከሆነ ይህች ሳህኔ ላይ ያለችው ዶሮም ሕያው ናት» አላቸው። ቃሉን ሳይጨርስ ዶሮዋ ተነስታ ጮኸች።

ተአምራትን እየሰማ ላደገ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መንገዱ ላይ ያለ እንግዳ በሐሰት ሲከሰስ የሚቆምለት ሰው የለውም፤ ለዚያ ነው ይህ ታሪክ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲነገር የኖረው። በተለይ በሰው አገር የሚኖር ሰው ቆጡ ሥር ቆሞ የሚያስበው አያጣም።

ምን ይዤ ልሂድ?

ትንሽ። ሙሉ ቦርሳው ከክብደትዎ አንድ አሥረኛ ባይበልጥ ይመረጣል። ሁለት ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቀላል የመኝታ ከረጢት፣ ኮፍያ፣ ነጠላ ጫማ ለማታ። ጫማዎ አዲስ አይሁን፤ ቢያንስ ለወር የሄዱበት ይሁን። ጠዋት እግርዎን ቫዝሊን ይቀቡ፣ ግለት ሲሰማዎት ወዲያው ቆመው ካልሲ ይቀይሩ። ውኃ ከቋጠረ በኋላ ማከም ከባድ ነው። ፋርማሲዎች አረንጓዴ መስቀል አላቸው፤ ሠራተኞቹ የተሳላሚ እግር አይተው የጠገቡ ናቸው።

ልጠፋ እችላለሁ?

አይመስለኝም። ቢጫ ቀስቶችን ይከተሉ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኦ ሴብሬይሮ ቄስ የነበሩት አባ ኤሊያስ ቫሊኛ ቀለም ይዘው መንገዱን በቢጫ ቀስት ምልክት ያደርጉ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሁሉም የሚሄደው በዚያ ምልክት ነው።

ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ብሄድስ?

ብቻቸውን የሚሄዱ ሴቶች ብዙ ናቸው። የአደጋ ጥሪ 112 ነው፤ «አለርትኮፕስ» የሚባለውን የስፔን ፖሊስ መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑ። ጎህ ሳይቀድ ብቻዎን አይውጡ፤ ከሎግሮኞ መውጫው ረጅም ስለሆነ እዚያ ከሌላ ተሳላሚ ጋር ይያያዙ።

የምስክር ወረቀት አገኛለሁ?

በዚህ ክፍል ብቻ አያገኙም። «ኮምፖስቴላ» የሚባለው የሚሰጠው ሳንቲያጎ ለሚደርስ፣ የመጨረሻዎቹን ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትሮች በእግሩ ለሄደ ሰው ነው። ደብተርዎን ግን ያስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከግራኞን መቀጠል ይችላሉ። ጁላይ 25 እሑድ ላይ የሚውልበት ዓመት ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ የሚቀጥለው 2027 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ያን ጊዜ መንገዱ በሰው ይሞላል።

ቪዛና መጓጓዣውስ?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። በሌላ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው በዚያው መጓዝ ይችላል፤ ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ድረስ። ወደ ኤስቴያ በአውቶቡስ ከፓምፕሎና ይሄዳሉ፤ ሲመለሱ ከሳንቶ ዶሚንጎ ወደ ሎግሮኞና ወደ ቡርጎስ አውቶቡስ አለ።

እናቴን ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ፤ ጉልበቷ ያማታል።

ይዘዋት ይሂዱ። ቦርሳችሁን ከማረፊያ ማረፊያ በመኪና የሚያደርሱ ድርጅቶች በየመንደሩ አሉ፤ ክፍያው ጥቂት ዩሮ ነው። ከሎግሮኞ እስከ ናቫሬቴ ያለውን 13 ኪሎ ሜትር በላ ግራሄራ ኩሬ ዳር እያረፋችሁ ቀኑን ሙሉ ልትሄዱበት ትችላላችሁ፤ የቀረውን እሷ በታክሲ ትቅደም፣ እርስዎ በእግር ይድረሱ። ናሄራ ውስጥ በገደሉ ሥር ያለውን የሳንታ ማሪያ ላ ሬያልን ገዳም ያሳዩዋት፤ የናቫራው ንጉሥ ጋርሲያ የማርያምን ምስል በዋሻ ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1052 እንደመሠረተው ይነገራል፣ ዋሻውም ውስጡ አለ። ማረፊያውን ግን አስቀድመው በግል ቤቶች ያስይዙ፤ በልግስና የሚተዳደሩትና ብዙዎቹ የመዘጋጃ ቤት ማረፊያዎች ቦርሳ በመኪና የላከ ሰው አይቀበሉም።